እናቴ በሰው አገር መቅደስ አሜን ያለች ቀን

ባንኮክ የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። የእናቴ የልብ በር አልከደን ብሎ፣ መርሳ ላይ ከሱቋ እስከ ቤቷ ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ ሳታርፍ መጨረስ አቅቷት ነበር። ደሴ ያሉት ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን። አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው አሉን። ጅዳ የምትሠራው እህቴ "ይሄ ወረፋ የሚጠብቅ ልብ አይደለም" ብላ ባንኮክ ያለ ሆስፒታል አፈላልጋ ነገሩን በእጇ ያዘች። የመርሳም ሰው፣ ክርስቲያን እስላም ሳይል፣ ተረባርቦ አገዘን። አስታማሚ ሆኜ አብሬያት እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ አስታማሚ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሥራ ፈት ስለነበርኩ ነው።

ሹፌር ነኝ። እንጀራዬ ከወልድያ ቱሪስት ጭኖ ወደ ላሊበላ መውጣት ነበር። መጀመሪያ ወረርሽኙ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፤ እንግዳው ጠፋ፣ መኪናዬም ግቢ ውስጥ ቆመች። እናቴ አውሮፕላን ላይ ቀበቶዋን ሳስርላት "ስንቱን ፈረንጅ አስጎብኝተሃል፤ እስቲ ደግሞ እኔን አስጎብኘኝ" ብላ ቀልዳብኝ ነበር። ያኔ ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር፤ ቀልዱንም የጨረሰችው በሁለት ትንፋሽ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ደረቷን ከላይ እስከ ታች ከፍተው የታመመውን በር አወጡና በብረት ተኩላት። ክፍሉ ጸጥ ሲል ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። "ሰዓት ቀበሩብኝ" ትላለች። ሆስፒታሉ አንዲት ትንሽ ቀይ ትራስም ሰጣት። ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ስትስቅም ጭምር ደረቷ ላይ አጥብቃ እንድትይዛት ነው፤ አለዚያ የተሰፋው አጥንት ይንቀጠቀጥና ያማል። እናቴ ያቺን ትራስ እንደ ሕፃን ታቅፋት ነበር።

ከሆስፒታል ወጥተን ለክትትል ሁለት ሳምንት እዚያው እንድንቆይ ስለታዘዝን፣ ሕሙማን የሚያርፉበት አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ ክፍል ያዝን። መስኮቱ ወንዝ ያያል። ከወንዙ ማዶ አንድ ረጅም ነጭ ግንብ አለ፤ ሲወጣ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ እንደ ጉልላት የሚያበቃ። ጧት ፀሐይ ስታገኘው ግንቡ በሙሉ ያብለጨልጫል። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ከሱ ላይ ዓይኗን አትነቅልም።

"ያ ቤት የማን ነው?" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

"ቤተ መቅደሳቸው ነው፤ የቡድሃ።"

"ታቦት አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያ ምን ሊጠብቁበት እንዲህ አሳመሩት?"



አንዲት ያገራችን ልጅ እዚያው አግብታ ትኖራለች፤ ለሕክምና ለሚመጡ ሰዎች ታስተረጉማለች። በየሁለት ቀኑ እየመጣች ትጠይቀን ነበር። እናቴን ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ስታገኛት፣ "እማማ፣ ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ ብሏል እኮ። ለምን ሄደው አያዩትም? ዓለም ሁሉ እዚህ የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው" አለቻት።

"ጣዖት ቤት ነው ልጄ። ማተቤን እንዳሰርኩ እንዴት እገባለሁ?"

"መስገድ የለብዎትም፤ ይዩት ብቻ።"

"ማየትና መስገድ ጎረቤታሞች ናቸው" አለች እናቴ፤ ነገሩም በዚያ የተዘጋ መሰለኝ።

በማግስቱ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትራሷን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"አንተ ትገባለህ። እኔ ደጅ ቁጭ እላለሁ" አለች። "የምሄደው ለእግሬ ነው፣ እንዳትሳሳት።"

ወንዙን በጀልባ ተሻገርን። እናቴ በዕድሜዋ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። የሐይቅን ባሕር ከመኪና መስኮት አይታዋለች እንጂ ውኃውን አልነካችም። ሞተሩ ሲነሣ ባንድ እጇ እኔን፣ በሌላው ትራሷን ይዛ በስመ አብ ማለት ጀመረች፤ ማዶ እስክንደርስ አላቋረጠችም።

በሩ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፏል። ተራችን ሲደርስ ጠባቂው እጁን አንሥቶ አስቆመን። እናቴን ነው ብዬ ልከራከር ስል ጣቱን ወደኔ ጉልበት ጠቆመ። ቁምጣ ለብሼ ነበር። ሙቀቱ የአፋር በረሃ ነው፤ ከመጣን ጀምሮ ሌላ ነገር መልበስ ትቼ ነበር።

አፈርኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ሌላውን የመለስኩት እኔ ነኝ። የመኪናዬ ኋላ ወንበር ሥር ሁልጊዜ ሁለት ያረጁ ነጠላዎች ነበሩኝ። ጉልበቱን ወይም ትከሻውን አራቁቶ ለመጣ እንግዳ እሰጥና "ይሄ የጸሎት ቤት ነው፤ እዚህ ሰው ያለቅሳል፤ እባክህ ሸፈን በል" እላለሁ። በሆዴ ግን "እነዚህ ሰዎች አልተገሩም" እል ነበር። አሁን እኔ ያልተገራ ሆኜ ቆምኩ።

ጠባቂው ግን አልተቆጣም። ዝሆን የታተመበት ስስ ጨርቅ አምጥቶ ወገቤ ላይ እንዴት እንደሚታሰር አሳየኝ። ማሳየት አላስፈለገውም፤ ሽርጥ ነው። አባቴ ሐራ ገበያ በሄደ ቁጥር ይለብሰው የነበረው ሽርጥ። ጠቅልዬ አሰርኩት።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አልቻለችም። ትራሷን ደረቷ ላይ ጨምድዳ "ወየው፣ ወየው፣ አታስቀኝ! የሐራ ግመል ነጋዴ መሰልክ እኮ! ደረቴን! አታስቀኝ!" እያለች ሳቀች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ደረቷ ከተከፈተ ወዲህ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት የዚያን ቀን ነው። ጠባቂውም ሳቀ። ከዚያ ሁለት መዳፉን ገጥሞ ነጠላዋን አየት አደረገና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት። እናቴም እንደ ደንቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ደጅ እቀመጣለሁ ብላ ነበር፤ ደጁ ላይ ግን ጥላ የሚባል ነገር የለም። ያለው ዛፍ ከበሩ ወዲያ፣ ግቢው ውስጥ ነው። ትንሽ አሰበችና "ግቢ ግቢ ነው፤ መቅደስ አይደለም" ብላ ገባች። ገብታም ጫማዋን አወለቀች። "እማዬ፣ ግቢው ውስጥ ጫማ አይወልቅም፤ አዳራሹ ውስጥ ነው" ብላት፣ "የነሱ ሕግ አልነገረኝም፤ የኔ ነው የነገረኝ" አለችኝ። ጫማዋን ይዤ ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ።

ግንቡ ሥር ደረስን። ከሩቅ የሚያብለጨልጨው ወርቅ መስሎኝ ነበር። ወርቅ አይደለም። ከእግሩ እስከ ራሱ በሰሀንና በስኒ ስባሪ የተለበጠ ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ስባሪ እየተገጣጠመ አበባ ሆኗል፣ ቅጠል ሆኗል፣ የወፍ ክንፍ ሆኗል። አንዳንዱ አበባ መሐል ላይ ሙሉ ሰሀን አለ፣ ዙሪያው ስብርባሪ። ከሥር ደግሞ ጥርሳቸው የወጣ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ ፍጥረቶች ግንቡን በትከሻቸው ተሸክመዋል።

"እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?" አለች እናቴ ትንሽ ወደ ኋላ ብላ።

"ጠባቂዎች ናቸው መሰለኝ።"

"እንዲያ ከሆነ ደግ። የኛም ቤት በር ላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ይሣላል" አለችና አለፈቻቸው።

እናቴ መርሳ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ጥለት፣ ክር ትሸጣለች። ጥለት ከሩቅ አይታ የሸማኔውን ሠፈር የምትናገር ሴት ናት። ግድግዳውን እንደ ጨርቅ ነበር ያነበበችው። ጣቷን ሳታስነካ በአየር ላይ እየሳበች "ይሄውልህ፣ ከዚህ ተነሥቶ እዚህ ይመለሳል። አረንጓዴው ሁለት፣ ቀዩ አንድ። እዚህ ጋ ተሳስቷል፣ አየኸው? ሠራተኛው ደክሞት ነበር" ትለኛለች። እኔ አበባ ብቻ ነበር ያየሁት፤ እሷ የሰውዬውን ድካም አየች።

አጠገቡ የተተከለውን ጽሑፍ በምችለው እንግሊዝኛ አነበብኩላት። ሸክላው ድሮ ከቻይና በሚመጡ መርከቦች ላይ ለክብደት ተጭኖ መጥቶ የተጣለ ነበር ይላል። ነገሩን ሳነብ ሐሳቤ ወደ ላሊበላ ሄደ። እዚያ እንግዶች "ይህን ሁሉ ምን ጨምረው ሠሩት?" ሲሉኝ "አልጨመሩም፤ እየቀነሱ ነው የሠሩት" እላቸው ነበር። የኛዎቹ ካንድ አለት ላይ ያልሆነውን እየፈለፈሉ አወጡና መቅደሱ ቀረ። እነዚህ ደግሞ የትም የወደቀውን እየለቀሙ ለጥፈው መቅደስ አደረጉት። የትኛው ይከብዳል ብዬ ቆሜ አሰብኩ። ዛሬም አላውቀውም።

እናቴን ከዛፉ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ፣ ውኃዋን አጠገቧ አድርጌ፣ "ከዚህ እንዳትነቃነቂ" ብዬ ወደ አዳራሹ ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ያለውን ለመናገር ቋንቋ ያጥረኛል። ጣሪያው ቀይና ወርቅ፣ ምሰሶዎቹ በመስታወት ፍንካች የተሸለሙ፣ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል። ከፊት ለፊት ትልቁ የወርቅ ቡድሃ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። ስልኬን አወጣሁና ማንሣት ጀመርኩ። ምሰሶ፣ ጣሪያ፣ ሥዕል፣ ወርቁን ከፊት፣ ወርቁን ከጎን። አንድ ሦስት እርምጃ ወደፊት ስጠጋ ካሜራዬ ውስጥ አንድ ሰውዬ ገባ። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ወለል ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ ነበር። እኔም አነሣሁት።

ያነሣሁትን ሳየው ላሊበላ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ላሊበላ ላይ፣ ልጇን የቀበረች እናት ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር ተለጥፋ ስታለቅስ፣ እኔ ያመጣሁት እንግዳ ካሜራውን ፊቷ ድረስ አስጠግቶ አንሥቷት ነበር። ሴትየዋ ዞር ብላ ያየችው እሱን አልነበረም፤ እኔን ነው። እኔ ግን ለእንግዳው ምንም አላልኩትም፤ የቀኑ ሥራ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ። ያ ዓይን ለብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም ነበር። አሁን የሌላ አገር ሰው ልቅሶ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ፎቶውን አጠፋሁት፣ ስልኬን ዘጋሁና ወጣሁ። ሰውዬው አላየኝም። ባያየኝም አፈርኩ።

ዛፉ ሥር ስመለስ እናቴ የለችም።

ውኃዋ አለ፤ እሷ የለችም። ደረቷ ገና ያልጠገገ፣ በአንዲት ቃል እንኳ የማትግባባበት አገር ያለች ሴት። ጫማዋ እኔ እጅ ላይ ነው። ግቢውን እየሮጥኩ ዞርኩት፤ ሽርጡ እግሬን እየጠለፈኝ። ከግንቡ ጀርባ አንዲት ትንሽ ክፍት አዳራሽ አለች። ደጇ ላይ ጫማ ተደርድሯል። በበሩ ሳሾልቅ ነጭ ነጠላ አየሁ።

ሰዎች ወለሉ ላይ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ከፍ ያለ ነገር ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ብርቱካንማ ልብሱን ተጎናጽፎ ተቀምጧል። እናቴ ከሰዎቹ መሐል ናት። ለሷ ዝቅተኛ በርጩማ ተፈልጎላት ቁጭ ብላለች። ከጎኗ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ያገሩ ሴት በማራገቢያ ታራግብላታለች። መነኩሴው ዝማሬ በሚመስል ድምፅ ያነበንባል፤ ከዚያ አንድ እስር ቀጫጭን ጭራሮ ውኃ ውስጥ እየነከረ ሕዝቡ ላይ መርጨት ጀመረ። ውኃው እናቴ ፊት ላይ ሲያርፍ አማተበች። ሦስት ጊዜ አማተበችና ጮክ ብላ "አሜን" አለች።

"እማዬ!" አልኩ ከበሩ። "ምን እያደረግሽ ነው?"

ዞር ሳትል "ዝም በል። ምርቃት አይቋረጥም" አለችኝ።

መነኩሴው ሲጨርስ ነጭ ክር አነሣ። ለወንዶቹ እጃቸው ላይ ራሱ ያስርላቸዋል። እናቴ ጋ ሲደርስ ግን ክሩን ከጎኗ ላለችው ሴት አሳልፎ ሰጣት፤ ሴትን አይነካም። ያቺ ሴት የእናቴን ቀኝ እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንድ ነገር እያለች፣ ክሩን ሦስት ቋጠሮ አሰረችላት። ከዚያ ሁለቱም እኩል ብድግ ማለት አቃታቸውና አንዷ አንዷን ደግፋ ተነሡ።

መንገድ ላይ ተቆጣኋት። የተቆጣሁት ስለ ሃይማኖት አልነበረም፤ ስለ ፍርሃቴ ነው። "ብትወድቂስ? ብትሞችብኝስ? ለእህቴ ምን እላት ነበር?" ክፍላችን ስንገባ እናቴ ክሩን በሌላው እጇ እያሽከረከረች መስኮቱን ታያለች። የተጸጸተች መሰለኝ።

የነገረችኝ በማግስቱ ቁርስ ላይ ነው።

"ትራሷን አይታ ነው የመጣችው" አለች ድንገት።

"ማን?"

"ያቺ ሴት። ዛፉ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ አለፈችኝ፣ ተመለሰች፣ ትራሷን አየች። ከዚያ የሸሚዟን ቁልፍ ሁለቱን ፈታ አደረገችና አሳየችኝ።" እናቴ ጣቷን ከአንገቷ ሥር ጀምራ ወደ ታች ሳበች። "እንደኔው። ልክ እንደኔው። የሷ ድኗል፣ ነጭ ሆኗል። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረገችው። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እኔም የኔን አሰማኋት። ከዚያ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ወዴት ነው አልልም ነገር፣ በምን አፌ? ሄድኩ።"



"መነኩሴው ምን እንዳለ አላውቅም" ቀጠለች። "ግን እንኳን አዋቂ ሕፃንም ምርቃትና እርግማን ይለያል፤ ድምፁ ይለያያል። አያትህ ግራና ከሚኖር እስላም ቤት ነው የተወለደችው፤ የተጠመቀችው ስታገባ ነው። አጎቶቼ ለአረፋ ሲጠሩን ሄደን ዱአ ያደርጋሉ፣ እኛ አሜን። ለጥምቀት ይመጣሉ፣ ቄሱ ይመርቃሉ፣ እነሱ አሜን። እኔ በዚያ ነው ያደግሁት። ሰው እየመረቀኝ ዝም ማለት አልችልም።"

"እና ለምን እንዲህ ጨነቀሽ?"

"የጨነቀኝ አሜን ማለቴ አይደለም። አገር ስገባ ይሄን የሚረዳኝ ማን ነው?"

የፈራችው ደረሰ። መርሳ ስንገባ ቤታችን ለሰው አልበቃም። የሱቅ ጎረቤቷ፣ ሃያ ዓመት ግድግዳ የተጋራቻት እስላም ሴት፣ ከሁሉ በፊት መጣች። "አልሐምዱሊላህ፣ አላህ መለሰሽ" ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ክሩን አየችና ጠየቀች፤ እናቴ ከትራሱ እስከ ቋጠሮው አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ጎረቤቷ አዳምጣ ስትጨርስ "ልብሽን የሚያውቅ እሱ ነው፤ አብሽሪ" አለችና ስለ ገበያው ማውራት ቀጠለች። ለሷ ነገሩ አለቀ።

ለሌላው ግን አላለቀም። በወሩ የእናቴ ማኅበር ወጣ። ሴቶቹ ተሰብስበው ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ እናቴ ጠጥታ ለቀጣይዋ ሰጠች። ያቺ ሴት የእናቴን እጅ አየች፣ ክሩን አየች፣ ጽዋውን ሳትቀምስ አሳለፈችው። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ደህና ነበር፤ ነጠላዋን ግን አራት ጊዜ አጣጥፋ ፈታችው። "አብረን ነው የተዳርነው" አለች። "የልጇን የክርስትና ልብስ እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

በማግስቱ ነፍስ አባቷ ዘንድ እንድወስዳት ጠየቀችኝ። እኔ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ቅርብ ስለነበሩ ሰማኋቸው።

"ሰገድሽ?" አሏት።

"አልሰገድኩም አባቴ። በርጩማ ላይ ነበርኩ።"

"ምን አልሽ?"

"አሜን።"

"ለምን?"

"ሰው ሲመርቅ ምን ይባላል አባቴ?"

አባ ሽማግሌ ናቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከመርሳ ሳይወጡ ሙት ሲቀብሩ የከረሙ ሰው ናቸው። "አንቺ ልብሽን ታውቂዋለሽ፤ የሚያይሽ ሕፃን ግን ክሩን እንጂ ልብሽን አያይም" አሏት። ክሩን እንድታወልቅ፣ ለአርባ ቀን ጧት ማታ አቡነ ዘበሰማያት እንድትደግም አዘዟት። ስግደት አላዘዙባትም፤ "ደረትሽ እስኪጠና" አሉ።

እኔ በገንኩ። መኪና ውስጥ "ምን በደልሽና ነው የሚቀጡሽ?" አልኳት።

"አልቀጡኝም። ጠየቁኝ። ሌላው ሳይጠይቅ ነው የፈረደው" አለች። ክሩን አልበጠሰችውም። ቤት ገብታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ሦስቱን ቋጠሮ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታችው። እንደ ነጋዴ ክር ሲፈታ እንጂ ሲበጠስ አትወድም። በሚቀጥለው ማኅበር ያቺ ጓደኛዋ ባዶውን እጅ አይታ ጽዋውን ተቀበለቻት። እናቴ ቂም አልያዘችም፤ ወይም ይዛ ከሆነ ለኔ አላሳየችኝም። እኔ ግን ያችን ሴት መንገድ ላይ ሳገኛት ሰላምታዬ ዛሬም ያጥራል።

በነፍስ አባቷ ላይ የነበረኝ ንዴት ግን እየቀነሰ ሄደ። ላሊበላ ደጅ ላይ ነጠላ ሳድል የኖርኩ ሰው፣ በር የሚጠብቅን ሰው ለመጥላት ብዙም መብት የለኝም። ደግሞ በር ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አይቻለሁ። ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣም አለ።

እንግዶች አሁን አልፎ አልፎ መምጣት ጀምረዋል። ላሊበላ ላይ ካሜራ ሲነሣ እጄን ከፊቱ የማደርግበት ጊዜ አለ፤ አንድ ሁለቱ ተቆጥተውኛል። ይቆጡ።

እናቴ ደህና ናት። ደሟን የሚያቀጥን ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ጎመን ኪኒኑን ያዳክማል፣ አታብዢ ተብላ "ጾመኛ ሴት ጎመን ተከልክላ ምን ልትበላ ነው?" እያለች ከነርሶቹ ጋር ትከራከራለች። በየወሩ ደሴ እየወሰድኩ ደሟን አስመረምራታለሁ። ባለፈው ወር ውርጌሳን ስናልፍ ድንገት "ፎቶ አንሥተሃታል?" አለችኝ።

ማንን እንደሆነ ገባኝ። ግንቡን፣ ጠባቂዎቹን፣ ጣሪያውን፣ ወርቁን፣ የሰሀኑን አበባ ሁሉ አንሥቻለሁ። ክሩን ያሰረችላትን ሴት ግን አላነሣኋትም።

"አላነሣኋትም እማዬ።"

"ይሁን። መልኳን ይዤዋለሁ" አለች። "ስሟን ነው ያጣሁት። ጧት ስጸልይ ሁላችሁንም በየክርስትና ስማችሁ እጠራለሁ፤ እሷ ጋ ስደርስ 'ያቺን ሴት' ብዬ አልፋለሁ።"

መኪናውን ቀዝቀዝ አደረግሁ። "ለሷም ትጸልያለሽ? አባ ያውቃሉ?"

"አልጠየቅኋቸውም።"

"ለምን?"

መስታወቱን ዝቅ አድርጋ የመንገዱን ነፋስ ፊቷ ላይ ተቀበለች።

"እንቢ ካሉኝ መታዘዝ አለብኝ" አለች።